ፔትራ በአንድ ቀን? ከእናት ጋር፣ በሁዳዴ፣ በጉልበት ሕመም

ጥያቄው በአጭሩ ይኸው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በሁዳዴ ማብቂያ እናቴን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ለሆሳዕናና ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ላደርሳት ነው። እግረ መንገዳችንን ዮርዳኖስ አገር ያለችውን፣ ከዓለት የተፈለፈለችውን ጥንታዊ ከተማ ፔትራን ማየት እፈልጋለሁ። ከኢየሩሳሌም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚወስድ አስጎብኚ አግኝቻለሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ጾሟንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። አንድ ቀን ይበቃል? እሷስ ትችለዋለች? ላሊበላን ላየ ሰው ያን ያህል የሚያስደንቅ ነገር አለው?»

እህቴ፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው፦ አንድ ቀን አይበቃም። እናትሽ ይችሉታል፤ ግን አንቺ ባሰብሽው መንገድ አይደለም። የላሊበላውን ቆይቼ እመጣበታለሁ። እኔንም ለዓመታት ከራሴ ጋር ሲያከራክረኝ የኖረ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለዚያ የአንድ ቀን ጉዞ። እኔም ቡድን መምራት ከመጀመሬ በፊት የሄድኩት እንደዚያው ነበር፤ የወሰደኝን ድርጅት ስም መጥራት አያስፈልግም። በሌሊት ከኢየሩሳሌም ተነሣን። በእስራኤል ደቡብ ጫፍ ወዳለችው ኤላት ወረድን። ድንበር ላይ ተሰለፍን። ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ተራራው ወጣን። ፔትራ ስንገባ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ነበር የሚያወራን። ኻዝነ የሚባለውን፣ ዓለቱ ላይ የተጠረበውን ዝነኛውን የሕንፃ ፊት አየን፣ ፎቶ ተነሣን፣ «በሉ እንመለስ» ተባልን። አንድ ሙሉ ከተማ ከጀርባው እንዳለ ያወቅኩት በሁለተኛው ጉዞዬ ነው። ሰው «ፔትራን አይቻለሁ» ሲለኝ እስከ ዛሬ «እስከ የት ድረስ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ርቀቱን ልንገርሽ። ከመግቢያው እስከ ኻዝነ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው መካከል አልፎ ቃስር አል-ቢንት እስከሚባለው ቤተ መቅደስ ሲደርስ ወደ 4 ይጠጋል። ከዚያ ዴር የሚባለው ትልቁ ሕንፃ ጋ ለመድረስ ከ800 በላይ ደረጃ አለ። ይህ መሄጃው ብቻ ነው። ስትገቢ ቁልቁለት ነው፣ ስትወጪ ዳገት። ጠዋት የሚስቅ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚያኮርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የአንድ ቀን ጣጣ ገንዘቡ ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ ለሚያድር ሰው የአንድ ቀን መግቢያ 50 የዮርዳኖስ ዲናር ነው፣ የሁለት ቀን 55። ሳያድር ድንበር ተሻግሮ ለሚመጣ ግን 90። ልብ በይ፣ ሁለተኛው ቀን የሚጨምረው 5 ዲናር ብቻ ነው። አገሩ ራሱ «እደሩ» እያለሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቋጠሮ። ከድንጋዩም ከደረጃውም በፊት የሚያሳስበኝ የእናትሽ ፓስፖርት ነው። አንቺ በአሜሪካ ፓስፖርት አማን አየር ማረፊያ ደርሰሽ ቪዛ ትገዣለሽ። እሳቸው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የሚጓዙት፣ የዮርዳኖስ ቪዛቸው ቀድሞ አልቆ ካልተረጋገጠ የአውሮፕላን ትኬት እንዳትቆርጪ። «እዚያው ደርሰው ይሰጣቸዋል» የሚልሽን ደላላ አትስሚ፤ መልሱን ከኤምባሲው በጽሑፍ ያዢ። ሁለተኛ፣ የእስራኤል ቪዛቸው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ኢየሩሳሌም ገብተው ወደ ፔትራ ሲወጡ ተጠቅመውበታል ማለት ነው። ተመልሰው ለመግባት ሌላ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ፋሲካን ድንበር ላይ እንዲያሳልፉ አትፈልጊም።

ስለዚህ መንገዱን ገልብጪው። ዮርዳኖስን አስቀድሚ። ሁለታችሁም አማን ላይ ተገናኙ፣ ፔትራን እዩ፣ ከዚያ በንጉሥ ሑሴን ድልድይ ተሻግራችሁ ኢየሩሳሌም ግቡ፣ ወደ ቤት የምትመለሱት ከቴል አቪቭ ይሁን። አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ። ያ ድልድይ ወደ ዮርዳኖስ ለሚገባ ሰው ቪዛ አይሰጥም፤ እናንተ ግን ወጪ ስለሆናችሁ አይነካችሁም። በዚያ አካባቢ ድንበር እንደ ጸጥታው ሁኔታ ይዘጋል ይከፈታልና በሳምንቱ ደግመሽ አጣሪ።

ለአንቺ ደግሞ ጆርዳን ፓስ የሚባል የጎብኚዎች የመግቢያ ትኬት አለ። ከመጓዝሽ በፊት በኢንተርኔት ትገዢዋለሽ። የፔትራ ሁለት ቀን ያለበት 75 ዲናር ነው። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ዮርዳኖስ ካደርሽ 40 ዲናር የቪዛ ክፍያ ይቀርልሻል። ሒሳቡን ራስሽ አስቢው።

ከአማን በበረሃው አውራ ጎዳና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ጄት የሚባለው አውቶቡስ ጠዋት ይነሣል። ከእናትሽ ጋር ግን ሾፌር ያለው መኪና ያዢና በአሮጌው የነገሥታት መንገድ ሂዱ። ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል። ግን ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ከሩቅ ያየበት የናባው ተራራ እዚያ መንገድ ላይ ነው። እመኚኝ፣ እሳቸው ከፔትራ ይልቅ እሱን ነው ለጎረቤት የሚያወሩት።

የምታድሩባት ከተማ ዋዲ ሙሳ ትባላለች፤ የሙሴ ሸለቆ ማለት ነው። ከተማው አናት ላይ ዓይን ሙሳ የሚባል ምንጭ አለ። ባለ ሦስት ጉልላት ትንሽ ቤት ተሠርቶበታል። ሙሴ ዓለቱን በበትሩ መትቶ ውሃ ያፈለቀው እዚህ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ውሃው ከዓለቱ ሥር ጥርት ብሎ ይወጣል። የእኛ እናቶች እዚህ ሲደርሱ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያዢላቸው። ከመንገዱ ዳር ሆነሽ ወደ ምዕራብ ስታዪ ደግሞ ከከፍታው ተራራ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ታያለሽ። ጀበል ሃሩን ነው፣ የአሮን ተራራ። ካህኑ አሮን የተቀበረበት ተብሎ የሚታመን መስጊድ ነው። ሽቅብ መውጣቱ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ከሩቅ መሳለም ይበቃል።

እንግዲህ የእናትሽ ቀን። ጠዋት በ12 ሰዓት ይከፈታል (የዮርዳኖስ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፣ አትቸገሪም)። ከጎብኚዎች ማዕከሉ እስከ ኻዝነ የሚያደርሱ የኤሌክትሪክ ጋሪዎች አሉ። ክፍያው ከመግቢያው ውጭ ነው። ደርሶ መልስ ያዢላቸው፤ ሥራ የሚጀምሩበትን ሰዓት ከዋዜማው ጠይቂ። «ሲገባ ቁልቁለት ስለሆነ በእግር ወርደን ስንመለስ ብቻ እንሳፈር» የሚል ምክር ብዙ ሰው ይሰጥሻል። ስህተት ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው የሚሰቃየው ሲወርድ ነው። ፈረሱ ደግሞ «ከቲኬቱ ጋር ነው፣ ነፃ ነው» ይሉሻል። እውነት ነው፤ ግን የሚያደርሰው ወደ ኻዝነ እስከሚያስገባው ጠባብ ገደል አፍ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚጠበቅብሽ ጉርሻም ነፃ አይደለም።

ገደሉ ሲቅ ይባላል። 1.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ነው። ግድግዳው እስከ 80 ሜትር ይቆማል። አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ሁለቱንም ጎን የሚነካ ይመስላል። ጋሪው ኻዝነ ሲያወርዳችሁ ወዲያው ፎቶ ውስጥ አትግቡ። እናትሽን ደግፈሽ ጥቂት ሜትር ወደ ሲቁ ውስጥ ተመለሱና ግድግዳውን በእጃችሁ ንኩ። በወገብ ከፍታ የተፈለፈለ ቦይ ታገኛላችሁ። በሌላው ጎን ደግሞ የሸክላ ቧንቧ ስብርባሪ አለ። የአንዱ ቧንቧ አፍ በሌላው ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ የለሰነው ነጭ ኖራ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዓይን ሙሳ ከተማው ድረስ ውሃ የሚሄደው በዚህ ነበር። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ አልፎታል።

ለእኔ ፔትራ ማለት ይህ ቦይ ነው። ከተማውን የሠሩት ናባጥያን የዐረብ ነጋዴዎች ነበሩ። ዕጣንና ከርቤ ከደቡብ ዐረብያ በግመል ተጭኖ በእነሱ እጅ አልፎ ወደ ጋዛ ወደብ ይወርድ ነበር። ሀብቱ የመጣው ከዕጣኑ ነው፤ ከተማው የቆመው ግን በውሃው ነው። ዝናብ የማይበረክትበት በረሃ ላይ ጠብታዋን እየቆጠሩ፣ ዓለቱን ጉድጓድ እያደረጉ አጠራቀሙ። ጎርፉንም ገሩት፦ ሲቁ አፍ ላይ ግድብ ሠርተው ውሃውን በዋሻ አዙረው ላኩት። ግድቡ በዘመናት ፈርሶ ቆይቶ በ1963 እ.ኤ.አ. ድንገተኛ ጎርፍ ሲቁ ውስጥ ገብቶ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገደለ። ዛሬ የምታዪው ግድብ ከዚያ በኋላ በጥንቱ ቦታ የተሠራ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ.ም ጎርፍ መጥቶ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በጥድፊያ ወጥተዋል። ስለዚህ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ወይም ጠባቂዎቹ «ውጡ» ካሉ፣ አንድ ፎቶ ብቻ ብለሽ አትቁሚ።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር፣ ለኢትዮጵያዊ ሰው ደስ የሚል ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የነጋዴ መርከበኞች መመሪያ አለ። እዚያው አንድ ጽሑፍ ላይ የእኛ አዱሊስና አክሱምም፣ ከቀይ ባሕር ወደ ፔትራ የሚወስደው መንገድም ተጠቅሰዋል። አንድ ባሕር የሚጋሩ ገበያተኞች ነበሩ።

ኻዝነ። ቃሉን ታውቂዋለሽ፤ የእኛው «ካዝና» ነው። ቤዱዊኖቹ (የበረሃው ዘላን ዐረቦች) ፈርዖን ሀብቱን አናቱ ላይ ባለው የድንጋይ ማሰሮ ውስጥ ደብቋል ብለው ያምኑ ነበር። ተኩሰው ሰብረው ወርቁን ለማፍሰስ ሞክረዋል። ቀና ብለሽ እዪው፣ ጥይቱ የቦረቦረው ይታያል። ማሰሮው ግን ድፍን ድንጋይ ነው። ሕንፃው ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። ከስድስቱ ዓምዶች አንዷ ወድቃ በዘመናችን የተተካች ናት፤ በቀለሟ ትለያለች። ብዙ ተመራማሪዎች የንጉሥ አሬታስ አራተኛ መቃብር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህን ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ ቅዱስ ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በመስኮት የወረደው ከማን ሸሽቶ ነው? ከዚህ ንጉሥ ሹም ነው። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ አለ። አንድ ጊዜ አብረውኝ የነበሩ አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ መቃብሩን ትክ ብለው አዩና «አየህ፣ እሱም ሞቶ ቀረ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰጥቼ አላውቅም።

ውስጡ አይገባም። ቢገባም የሚታይ ብዙ ነገር የለም፣ ባዶ አራት ማዕዘን ክፍል ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከፊት ለፊቱ ካለው መሬት ሥር የ12 ሰዎች አፅም ያለበት መቃብር ተገኝቷል፤ እንግዲህ ሁሉም ሰው ለዓመታት ፎቶ ሲነሣ የኖረው እነሱ ላይ ቆሞ ነው።

ላሊበላ እዚህ ጋ ይመጣል። ፔትራ መጀመሪያ ስገባ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተከፍቼ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ዓይን ውስጡን ይጠይቃል። ላሊበላ ላይ ጠራቢው ዓለቱን በአራቱም ጎን አላቅቆ፣ ውስጡን ፈልፍሎ፣ ዓምድና ቅስት፣ መስኮትና መቅደስ ሰጥቶታል። ፔትራ ግን በአብዛኛው ፊት ነው። ፊቱ ዓለም የሚያክል፣ ከጀርባው አንድ ክፍል። «ይኼ ብቻ?» አልኩ። ያኔ ያልገባኝ፣ የማወዳድረው ቤተ ክርስቲያንን ከመቃብር ጋር መሆኑ ነው። ላሊበላ እስከ ዛሬ የሚቀደስበት ቤት ነው፣ ሰው ሊገባበት ነው የተሠራው። የፔትራ ፊቶች አብዛኞቹ የሟች ደጆች ናቸው። ኗሪው የሚኖረው በተገነባው ከተማ ነበር። እሱ በ363 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳ። መቃብሮቹ ከዓለቱ ጋር አንድ ስለሆኑ ቀሩ።

የሚያመሳስላቸው ነገር ደግሞ ሥራው ነው። ሁለቱም ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረቡት። ኻዝነ በግራና በቀኙ እንደ መሰላል የወረዱ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች አሉት፤ ለሠራተኞቹ መወጣጫ ወይም ለመደገፊያ እንጨት ሳይሆኑ አይቀሩም። ታች ቃስር አል-ቢንት አጠገብ ደግሞ ተጀምሮ የቀረ መቃብር አለ። የዓምዶቹ ራስ ብቻ ተቀርጿል፤ ከሥሩ ያልተነካ ዓለት ነው። መሮው የቆመበት ቦታ ይታያል። እኔ ከኻዝነ ይልቅ እሱ ፊት ነው ረጅም ጊዜ የምቆመው። ድንጋዩ ግን የላሊበላው ዓይነት አይደለም። የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይረግፋል። ብረትና ማንጋኒዝ ቀይ፣ ሮዝና ሐምራዊ አድርገው አዥጎርጉረውታል፤ እንደ ጥለት ነው።

እናትሽ ከኻዝነ ወዲያ ትንሽ ብቻ ይጨምሩ። ቲያትሩ ድረስ ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ አሸዋና ጠጠር ነው፣ ብዙ አይከብድም። ከዓለቱ የተፈለፈለውን መቀመጫ እያዩ ዐረፍ ይበሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ከፍ ብለው የንጉሣውያን መቃብሮች ይታያሉ። አንደኛው በ446 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተባርኳል፤ የጳጳሱ የያሶን ስም ያለበት የግሪክኛ ጽሑፍ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። ደረጃው ብዙ ስለሆነ እሳቸው ከታች ሆነው ይሳለሙ። በዚህ ይብቃቸውና ተመለሱ።

ሰዓቱን የምጨቀጭቅሽ በጾሙ ምክንያት ነው። እስከ ዘጠኝ ውሃ የማይቀምስ ሰው በዚያ ፀሐይ መንከራተት የለበትም። ፀሐይ ኻዝነ ላይ የምታርፈው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ነው። ማለዳ ከገባችሁ አይታችሁ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጥታችሁ ሆቴል ትደርሳላችሁ። እስከ ዘጠኝ ይተኛሉ። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ግን መንገደኛም ሕመምተኛም ናቸውና ከመነሣታቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ራስሽ «ብሉ» አትበያቸው፤ እኔ ሞክሬ አውቃለሁ፣ አልሆነልኝም።

ምግቡ አያስቸግርም። ፉል፣ ሑመስ፣ ፈላፍል፣ ምስርና ሩዝ እንደ ልብ ነው። የዮርዳኖስ ክርስቲያኖች የጾም ምግብን «ሲያሚ» ይሉታል፤ ቃሉን ያዢው። ግን ሁሉም አስተናጋጅ ስለማያውቀው «ያለ እርጎ፣ ያለ ቅቤ» ብለሽ አስረጂ። ሩዝና ምስሩ ላይ እርጎ ጣል ማድረግ ይወዳሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ወይም በማግስቱ ስትመለሺ፣ ትንሿ ፔትራ ውሰጃቸው። ከዋዲ ሙሳ በመኪና ሩቅ አይደለም፣ መግቢያውም ነፃ ነው። አጭር ገደል ነው፣ በአብዛኛው ሜዳ። ከደረጃ በላይ ባለ አንድ ክፍል ጣሪያ ላይ የወይን ሐረግና ወፎች ተሥለዋል፤ እሱን አንቺ ወጥተሽ በስልክሽ አንሥተሽ አሳያቸው።

ሁለተኛው ቀን ያንቺ ነው። እሳቸው ይረፉ። በ12 ሰዓት በር ላይ ተገኚ። ሲቁ ባዶ ሲሆን የራስሽን ኮቴ ትሰሚያለሽ። ኻዝነ ጋ አትቁሚ፣ ትናንት አይተሽዋል። ቀጥ ብለሽ በዓምዶቹ ጎዳና ውረጂና በጥላው ዴር ውጪ። «ዴር» ገዳም ነው። ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን በዴር ሡልጣን ስም ላይ ያለው ቃል ራሱ ነው። ውስጡ መስቀሎች ስለተቀረጹበት ነው ስሙን ያገኘው። ከኻዝነ ይገዝፋል፤ በሩ ብቻ 8 ሜትር ያህል ነው፤ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ጉንዳን ይታያል። ፀሐዩ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያምረው፤ ቢሆንም ለደረጃው ስል ጠዋትን እመርጣለሁ። ፊት ለፊቱ ሻይ ቤት አለ። ሜረሚያ የሚሉትን መዓዛማ ቅጠል የገባበት ሻይ ጠይቂና ተቀመጪ።

ደረጃው ላይ የአህያ ባለቤቶች ይከተሉሻል። «ሩቅ ነው፣ ትሞቻለሽ» ይሉሻል። አትሳፈሪ። ጠርዙ ገደል ነው፣ ድንጋዩ በኮቴ ብዛት ሙልጭ ብሏል፤ ሲወርድ ተንሸራትቶ ሰው የጣለ አህያ በዓይኔ አይቻለሁ። እንስሶቹም ያሳዝናሉ። ሰዎቹን ግን አትናቂ። ብዙዎቹ ብዱል የሚባሉ ጎሳ ናቸው፤ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ዋሻዎቹ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከዚያ ነው መንግሥት ላይኛው ኮረብታ ላይ መንደር ሠርቶ ያዛወራቸው። የሚሸጡትን ከአዋቂዎቹ ግዢ። ከሕፃናት ግን አትግዢ፤ የሚሸጥ ልጅ ትምህርት ቤት አይውልም።

ጫማሽ የለመድሽው ይሁን። የሌሊት የሻማ ጉብኝት የሚባል አለ፣ ለብቻው ይከፈልበታል። እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ በቃኝ ብያለሁ፤ ሰዉ ከሻማው ይበዛል። ማታ ማታ ብርድ አለ፣ ቦታው ከፍታ ነው፤ እናትሽ ጋቢ ይያዙ።

ወደ ድልድዩ ስትሄዱ ዓርብና ቅዳሜን ሽሹ፤ በእነዚያ ቀኖች ቀደም ብሎ ይዘጋል። ለሆሳዕና ኢየሩሳሌም ለመገኘት ሐሙስ ብትሻገሩ ይሻላል። ፍተሻውና አውቶቡስ ጥበቃው ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል፤ ለእናትሽ መቀመጫ ቀድመሽ ያዢላቸው። የቪዛው መልስ ሲመጣልሽ ቀኖቹን ጻፊልኝ፣ አብረን እንደለድላቸዋለን።